«ሲስተም የለም» ያስባልኩባቸው ሁለት ቀናት፦ የጠፉ የዳታቤዝ ቴብሎችን እንዴት እንደመለስኩ

ሐሙስ ጠዋት ነው፤ 4 ሰዓት ከ20 ገደማ። የምሠራው አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ነው። «አይቲው» ሲሉ እኔን ማለታቸው ነው፤ ሌላ ሰው የለም። ከሦስት ወር በፊት የተወሰደ የዳታቤዝ ቅጂ መሞከሪያው ማሽን ላይ ጭኜ አዲስ ሪፖርት ልሞክርበት ፈልጌ ሁለት ጥቁር መስኮቶች ከፍቻለሁ፤ አንዱ መሞከሪያው፣ አንዱ ዋናው ሰርቨር። የጻፍኩት ትዕዛዝ አንዲት ፊደል አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት መስኮቱን ነው።

የምንጠቀመው የዳታቤዝ ፕሮግራም ማይኤስኪውኤል ነው፤ እሱ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ልብ ይበልልኝ። ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚገለብጠው ማይኤስኪውኤልደምፕ የሚያወጣው ፋይል (ደምፕ) ተራ ጽሑፍ ነው። ከፍታችሁ ብታዩት ከእያንዳንዱ ቴብል (የመረጃ ሰንጠረዥ) በፊት «ድሮፕ ቴብል ኢፍ ኤግዚስትስ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ማንም ሳያዘው በራሱ የሚጨምረው ነው፤ ትርጉሙም «ይህ ቴብል ካለ አጥፋው» ነው። እኔ «ልመልስ» እያልኩ የምጭነው ፋይል መጀመሪያ ሥራው ማጥፋት መሆኑን በንድፈ ሐሳብ አውቅ ነበር፤ በተግባር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ፋይሉ አናት ላይ ደግሞ የፎሪን ኪ ቁጥጥርን የሚዘጋ መስመር አለ። «ብድር ያለበትን አባል ላጥፋ ብል ዳታቤዙ ራሱ ይከለክለኛል» ብዬ የምተማመንበት አጥር ሥራው ሳይጀመር ተነቅሏል ማለት ነው።

ሃያ ሰከንድ ያህል ቆይቶ የሰርቨሩ ስም ዓይኔ ውስጥ ገባ። ኮንትሮል ሲ ተጫንኩ። ቴብሎቹ የሚጫኑት በፊደል ተራ ስለሆነ ከ38ቱ የመጀመሪያዎቹ 17 ጠፍተው በሦስት ወር አሮጌ መረጃ ተተክተዋል፤ 18ኛው ግማሹ ገብቶ ቆሟል፤ የቀሩት እንዳሉ ናቸው። ሁሉም ጠፍቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሁሉም ሲጠፋ ፕሮግራሙ ቀይ ስህተት ያወጣል፣ ሰው ይጮሃል፣ ሥራ ይቆማል። የኔ ግን ምንም ስህተት አላወጣም። የሁሉም ቴብል ስም አለ፣ ገጹ ይከፈታል፣ ፍለጋው ይሠራል፤ የሰው ሒሳብ ብቻ ሦስት ወር ወደ ኋላ ሄዷል።

የመጀመሪያዎቹን 12 ደቂቃዎች ያባከንኩት ሮልባክ፣ ማለትም «የሠራሁትን መልስ»፣ እየጻፍኩ ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሮልባክ፣ እንደገና ሮልባክ። ማይኤስኪውኤል ግን ድሮፕ ቴብልን የሚያጸድቀው ወዲያው ነው። በትራንዛክሽን (እስኪጸድቅ ድረስ ሊመለስ በሚችል የሥራ ስብስብ) ውስጥ ብትሆኑም ቴብል የሚፈጥር፣ የሚቀይር ወይም የሚያጠፋ ትዕዛዝ ስትሰጡ ትራንዛክሽኑን ራሱ ዘግቶ ያልፋል። ፖስትግሬስ የሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ቢሆን ኖሮ ቢጊን ብዬ ትራንዛክሽን ጀምሬ ከነበረ ድሮፑም በሮልባክ ይመለስልኝ ነበር። ባንክ የሚሠራ ጓደኛዬ ደግሞ በኋላ ሲሰማ ሳቀብኝ፤ ኦራክል የሚባለው ዳታቤዝ ከ10ጂ ቨርዥን ጀምሮ የጠፋ ቴብል የሚያርፍበት ሪሳይክል ቢን አለው፣ «ፍላሽባክ ቴብል» ብለህ ታወጣዋለህ አለኝ። ደስ ይበልህ አልኩት።

ከሮልባኩ ያነቃኝ ስልክ ነው፤ ከታች ከገንዘብ መቀበያው።

«አንተ ልጅ፣ ሲስተሙ ምን ነካው? የሴትዮዋ ሒሳብ ወደ ኋላ ሄዷል። ትናንት በኔ እጅ ያስገባችው የለም እኮ!»

«እትዬ፣ እባክዎ ከአሁን በኋላ ማንንም አያስተናግዱ። ሲስተም የለም ይበሉ።»

ባንክ ሄጄ ሰልፍ ላይ ስቆም እንደዚያ ቃል የሚያናድደኝ የለም። ያን ቀን ግን ያደረግኩት የመጀመሪያው ትክክለኛ ነገር እሱን ማስባል ነበር። ቴብል ጠፍቶ ሰዎች መመዝገባቸውን ከቀጠሉ በየደቂቃው ሁለት ነገር ይበላሻል፦ የጠፋው ፋይል የነበረበት የዲስክ ቦታ ላይ አዲስ ነገር ይጻፋል፤ ደግሞም አዲሱ መዝገብ ከአሮጌው ጋር ይደባለቃል። በኛ ዘንድ የደረሰኝ ቁጥር በራሱ የሚቆጥር ነው። አሮጌው ቴብል ሲመለስ ቆጣሪውም አብሮ ወደ ሦስት ወር በፊቱ ተመለሰ፤ በነዚያ 12 ደቂቃዎች የተመዘገቡት ሰዎች ከዚህ ቀደም ለሌላ ሰው የተሰጠ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ዘጋሁ፣ ዳታቤዙንም ሪድ ኦንሊ (የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት) አደረግኩት።

ቀጥሎ ሪስታርት ማድረግ አማረኝ። ኮምፒውተር ሲያስቸግር እጃችን የለመደው እሱን አይደል? እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ቴብሉ የጠፋው በድሮፕ ሳይሆን አንድ ሰው የዳታውን ፋይሎች ከሊኑክስ ፎልደር ውስጥ በአርኤም ሰርዟቸው ከሆነ፣ ማይኤስኪውኤል እስኪቆም ድረስ ፋይሎቹን ይዟቸዋል። ስማቸው ይጠፋል እንጂ ይዘታቸው ዲስኩ ላይ አለ፤ ፕሮክ በሚባለው የሊኑክስ ፎልደር ውስጥ በፕሮሰሱ ቁጥር ስር ኤፍዲ የሚለው ፎልደር ውስጥ «ዲሊትድ» ተብለው ይታያሉ፣ ከዚያም መቅዳት ይቻላል። ሪስታርት ካደረጋችሁ ግን የመጨረሻው እጅ ተለቀቀ። በድሮፕ ሲጠፋ ዳታቤዙ ራሱ ፋይሉን ስለሚለቀው ይህ መንገድ አይሠራም። ሁለተኛው ለኔም የሚመለከተኝ ነበር፦ ማይኤስኪውኤል ጊዜ ያለፈባቸውን ባይነሪ ሎጎች (የለውጥ መዝገቦች) የሚያጸዳው ሲነሳና ሎግ ሲቀይር ነው። የመጨረሻ ተስፋችሁ አሮጌ ሎግ ውስጥ ከሆነ ሪስታርቱ ራሱ ሊጠርገው ይችላል። ስለዚህ ከምንም በፊት ሎጎቹን በሙሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ ቀዳኋቸው። ሰርቨሩ ኤስኤስዲ ስለሆነ ኡቡንቱ በየሳምንቱ የሚያስኬደውን የኤፍኤስትሪም (የተሰረዘውን የዲስክ ቦታ ጨርሶ የሚያስጸዳ) ሰዓት ቆጣሪም አቆምኩት፤ ትሪም ካለፈበት በኋላ ከዲስክ ላይ ቁርጥራጭ መልቀም የማይታሰብ ነው።

እስከዚህ ድረስ ልቤ አልወደቀም ነበር። በየሌሊቱ 8 ሰዓት ባክአፕ የሚወስድ ስክሪፕት አለና። የረቡዕ ሌሊቱን እመልሳለሁ፣ የጠዋቷን ጥቂት ገቢ ከደረሰኝ እናስገባለን፣ በምሳ ሰዓት አለቀ ብዬ ፎልደሩን ከፈትኩ።

20 ባይት።

ያለፈው ሌሊት ፋይል 20 ባይት ነው። የማክሰኞውም 20 ባይት። የሰኞውም። 20 ባይት ማለት ምንም ያልገባበት የጂዚፕ (የታመቀ) ፋይል ነው፤ ባዶ ከረጢት አፉን አስሮ ማስቀመጥ እንደማለት። ቆጠርኩ፤ አሥር ሌሊት ሙሉ። ትዝ ሲለኝ የባክአፑን ዩዘር ፓስወርድ የቀየርኩት እኔው ነኝ፤ ስክሪፕቱ ውስጥ መቀየሩን ረስቻለሁ። ማይኤስኪውኤልደምፕ በየሌሊቱ «አይፈቀድልህም» እየተባለ ይመለሳል፣ ጂዚፕ ደግሞ የተሰጠውን ባዶ ነገር አጥብቆ «ተሳክቷል» ይላል። በፓይፕ የተያያዙ፣ አንዱ የሚያወጣውን ለሌላው የሚያቀብል ትዕዛዞች ውጤት የሚባለው የመጨረሻው ውጤት ነው፤ «ፓይፕፌይል» የሚለውን መስመር ስክሪፕቱ አናት ላይ ካልጨመራችሁ የመጀመሪያው ሞቶ የኋለኛው ደህና ነኝ ይላችኋል።

እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው በኔ ቢጤ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጊትላብ በሚባለው የፕሮግራም ኮድ ማኖሪያ ድርጅት ውስጥ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያቸው ዋናውን የፖስትግሬስ ዳታ ፎልደር ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት ሰርዞ፣ ባቆመው ጊዜ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ነበር። ባክአፕ ብለው ወደሚያምኑት ሲሄዱ ደምፑ ከዳታቤዙ ጋር በማይገጥም አሮጌ ቨርዥን ስለሚሠራ ሲከሽፍ ከርሟል፤ መክሸፉን የሚናገረውም ኢሜይል ተቀባዩ ጋ አልደረሰም። የዳኑት አንድ ሰው ለሌላ ጉዳይ ከስድስት ሰዓት በፊት በወሰደው ቅጂ ነው። ይህን ሁሉ ራሳቸው ለሕዝብ ጽፈውታል። ያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ እያነበብኩ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ልክ ለቅሶ ቤት ሄዶ የራስን ሐዘን እንደመርሳት።

የመጨረሻው ደህና ባክአፕ 11 ቀን የሞላው ነው። የዚያን ቀን ብቻ ይዤ ብመለስ የ11 ቀን ተቀማጭና የብድር ክፍያ ከወረቀት ሊመዘገብ ነው። ያዳነኝ ባይነሪ ሎጉ ነው፤ ቢንሎግ ይሉታል። ዳታቤዙ ላይ የተደረገ እያንዳንዱ ለውጥ በተራ የሚጻፍበት መዝገብ ነው። ማይኤስኪውኤል 8.0 ላይ ማንም ሳይነካው ክፍት ነው፣ 30 ቀንም ያስቀምጣል። 5.7 የምትጠቀሙ ግን ተጠንቀቁ፤ እዚያ ካልከፈታችሁት የለም።

አሠራሩ በአፍ ሲነገር ቀላል ነው፦ የ11 ቀኑን ቅጂ ሌላ ማሽን ላይ መጫን፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሎግ በላዩ ላይ ማጫወት፣ ከጥፋቷ ትዕዛዝ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ማቆም። ሌላ ማሽን ላይ፣ እደግመዋለሁ። እኔ የራሴ ላፕቶፕ ላይ ያንኑ የ8.0 ቨርዥን ጭኜ ነው የሠራሁት። ዋናው ሰርቨር ላይ «ልሞክር» የሚባል ነገር ከዚያ ጠዋት በኋላ አበቃ።

መጀመሪያ ጥያቄው ከየት ጀምሬ ላጫውት የሚለው ነበር። ደምፑን የሚወስደው ስክሪፕት ላይ ሶርስ-ዳታ የሚለውን ምርጫ 2 ብዬ አስቀምጬ ስለነበር (ድሮ ማስተር-ዳታ ይባል ነበር) ፋይሉ አናት ላይ በኮሜንት መልክ የሎጉ ፋይል ስምና ቦታው ተጽፎልኛል። ባይኖር ኖሮ በግምት ነበር፤ በግምት ደግሞ አንድን ክፍያ ሁለት ጊዜ ማስገባት ወይም መዝለል አይቀርም። ከዚያ ቦታ እስከ ሐሙስ ጠዋት 14 የሎግ ፋይሎች ነበሩ። ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር አዲስ ፋይል ይጀምራል፤ በዚያ ሰሞን መብራት ስንት ጊዜ እንደሄደ ከፋይሎቹ ብዛት መቁጠር ይቻላል። 14ቱንም በተራ በአንድ ትዕዛዝ ነው የሚሰጡት፤ አንድ በአንድ ለየብቻ ማስገባት አይመከርም። የመነሻ ቦታው ለመጀመሪያው ፋይል፣ የማቆሚያው ለመጨረሻው ይሠራል።

ማቆሚያው ላይ ነው ጉድ የሆንኩት። ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ምክንያቱም ፈረንጆቹ የሚጽፉት መመሪያ ላይ አታገኙትም።

ጥፋቱ የደረሰው በኔ ማስታወሻ 4 ሰዓት ከ20 ነው። የማቆሚያ ሰዓቱን ስሞላ 04:20 ብዬ ጻፍኩ። ማሽኑ ግን በኛ አቆጣጠር አይቆጥርም፤ 04:20 ለእሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ20 ነው። በዚያ ላይ ሰርቨሩ የሚሠራው በዩቲሲ (ከኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት)፣ ላፕቶፔ ደግሞ በአዲስ አበባ ሰዓት ነው፤ ቢንሎጉን የሚያነበው መሣሪያ ሰዓቱን የሚያሳየው በሚሠራበት ማሽን ሰዓት ነው። ያችው አንዲት ድሮፕ ሰርቨሩ ላይ ሳያት 07:20፣ ላፕቶፑ ላይ 10:20፣ እኔ አፍ ላይ 4:20። ሦስት ሰዓት፣ አንድ ጥፋት። የመጀመሪያው ማጫወት ሲያልቅ ደስ ብሎኝ ሳይ የሐሙስ ጠዋት አንድም ደረሰኝ የለም። ቢሮ ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ክፍት ነበር እኮ። በዚያ ሁኔታ መልሼው ቢሆን ለሁለተኛ ጊዜ ያጠፋሁት እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ ሰዓትን ተዉት፤ በቦታ ቁጥር ሥሩ። ማይኤስኪውኤልቢንሎግን የረድፉን ይዘት በሚነበብ መልክ እንዲያወጣ አድርጋችሁ ውጤቱን በፋይል አስቀምጡና «ድሮፕ ቴብል» የሚለውን ፈልጉ። ከላዩ «አት» ከሚለው ቃል አጠገብ የቦታው ቁጥር አለ። ወደ ላይ አንድ እርምጃ ሂዱ፤ ከድሮፑ በፊት ጂቲአይዲ የሚል ትንሽ ክስተት አለ፣ የዚያን ቁጥር ነው ማቆሚያ የምታደርጉት። መሣሪያው የተሰጠው ቁጥር ላይ ሲደርስ ያንን ክስተት ሳይወስድ ያቆማል። በሰዓት ብታቆሙ በዚያችው ሰከንድ የተመዘገበ ደህና ክፍያም አብሮ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው ማጫወት ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የሞተ መሰለኝ፤ ግን ፕሮሰሰሩ ይጋላል። ለካ አንዱ የክትትል ቴብል ፕራይመሪ ኪ (እያንዳንዱን ረድፍ የሚለይ ቁልፍ) የለውም። ሎጉ በረድፍ ስለሚጻፍ «ይህን ረድፍ ቀይር» ሲባል ረድፉን ለማግኘት ቴብሉን ከላይ እስከ ታች ያስሳል፤ ለእያንዳንዱ ለውጥ። አቁሜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ላፕቶፑ ላይ ባለው ቅጂ ለዚያ ቴብል ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) ሰጥቼው እንደገና ሳስኬደው ሌሊቱን ጨረሰ። ዓርብ ጠዋት ስነቃ አልቋል።

በመካከሉ ጎን ለጎን ሌላ ነገር ሞክሬ ነበር፦ ከዲስኩ ላይ የኢንኖዲቢን (ማይኤስኪውኤል መረጃውን የሚያስቀምጥበትን ክፍል) ገጾች ለቅሞ ቴብል የሚያወጣ «አንድሮፕ ፎር ኢንኖዲቢ» የሚባል መሣሪያ። ባክአፕም ሎግም የሌለው ሰው መጨረሻ የሚያንኳኳው በር እሱ ነው። የዲስኩን ሙሉ ምስል ይጠይቃል፣ የቴብሉን አሠራር ፋይል ይጠይቃል፣ የ16 ኪሎባይት ገጾችን ይበትንላችኋል፤ ከላዩ የተጻፈበትን ግን አይመልስም። ሁለት ሰዓት አባክኜበት ተውኩት። ሎግ ካላችሁ አትጀምሩት።

ከዚያ ማመሳከር። ይህን ክፍል ለብቻዬ አልሠራሁትም፤ እትዬ ደረሰኞቿን ይዛ ወደኔ ወጣች። ረቡዕ ማታ የተፈረመውን የቀን መዝጊያ ወረቀት ላፕቶፑ ላይ ካለው ድምር ጋር ስናስተያይ በ300 ብር ተለያየ። ሦስት ጊዜ ደመርን። ዓይኔ ደም መስሏል። ሎጉን እንደገና ልፈትሽ ስነሳ እሷ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ በካልኩሌተር መታቻቸውና ዝም አለች። «ወረቀቱ ላይ ነው የተሳሳትነው» አለች። ዳታቤዙ ልክ ነበር።

በ12ቱ ደቂቃዎች ውስጥ የተመዘገቡት ዘጠኝ ደረሰኞች ነበሩ። ሎጉ ላይ አሉ፤ ግን ግማሽ ጎናቸው አሮጌ ቴብል ላይ የተጻፉ፣ ቁጥራቸውም የሰው ስለሆነ አላጫወትኳቸውም። እሷ እያነበበች እኔ በእጄ አስገባኋቸው። የተሳሳተ ቁጥር ለወጣላቸው ዘጠኙም ሰዎች ስልክ ተደውሎ ደረሰኛቸው ተቀየረ።

ወደ ሰርቨሩ ልመልስ ስል የመጨረሻ ጥፋት ልሠራ ነበር። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው። ማጫወቱን ሲኤምዲ በሚባለው የትዕዛዝ መስኮት ነበር የሠራሁት፤ ደምፑን ግን ፓወርሼል በሚባለው በሌላው መስኮት በቀስት ምልክት ወደ ፋይል ላክሁት። ፋይሉ እጥፍ ሆኖ ወጣ። ፓወርሼል ጽሑፉን ዩቲኤፍ-16 ወደሚባል ሌላ የፊደል አቀማመጥ ቀይሮታል፤ በመንገዱም የአባላቱን ስም አበላሽቷል። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፤ እነዚያ ሦስት ባይቶች ተነጣጥለው ሲነበቡ እያንዳንዱ ስም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። እንግሊዝኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱን ዓይኔ ላያየው ይችል ነበር። መፍትሔው ቀስቱን ትቶ «ሪዛልት-ፋይል» በሚለው ምርጫ ማስወጣት ነው።

በትክክል የወጣውን ደምፕ ሰርቨሩ ላይ በሌላ የዳታቤዝ ስም ጫንኩት። ከዚያ የተበላሹትን 18 ቴብሎች ስማቸውን ቀይሬ ወደ ጎን አደረግኩና፣ ደህናዎቹን «ሪኔም ቴብል» በሚለው ትዕዛዝ ወደ ዋናው ዳታቤዝ አዛወርኳቸው። በአንድ ሰርቨር ላይ ከዳታቤዝ ወደ ዳታቤዝ በዚህ መንገድ ማዛወር ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል፤ ቴብሉ ትሪገር (ለውጥ ሲደረግ በራሱ የሚነሳ ትዕዛዝ) ካለው ግን እምቢ ይላል፣ መጀመሪያ ትሪገሩን አውጥቶ በኋላ መመለስ ነው። ዓርብ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ወደ ታች ደወልኩ። «እትዬ፣ ሲስተም አለ።»

አሁን በየቀኑ የምገባበት ዩዘር የድሮፕ ፈቃድ የለውም። ቴብልን ባዶ የሚያደርገው ትሩንኬትም ያንኑ ፈቃድ ስለሚጠይቅ አብሮ ተዘጋ። ሲያስፈልገኝ በሌላ ስም እገባለሁ፤ የዋናው ሰርቨር መስኮትም ቀይ ነው። ለመሞከሪያ የምወስደው ደምፕ የድሮፕ መስመር እንዳይጨምር አድርጌዋለሁ፤ መስኮት ብሳሳት «ይህ ቴብል አለ» ብሎ እዚያው ይቆማል። ባክአፑ ከትናንቱ በብዙ ካነሰ ስልኬ ላይ መልእክት ይመጣል። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ደግሞ የሌሊቱን ፋይል ላፕቶፑ ላይ ጭኜ የመጨረሻውን የደረሰኝ ቁጥር አነባለሁ፤ እትዬም ከጥራዟ ላይ የራሷን ትነግረኛለች። ባለፈው ወር ቁጥሯን ከመንገሯ በፊት «በል አንተ ቅደም» አለችኝ።